ሞፈር፣ መቆፈሪያና ሚዛን፦ የሸሕዲ ቆላ ልጆች የወንድና የሴት ሥራን የተማሩበት ታሪክ

ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚወርደው መንገድ ጭልጋን አልፎ፣ ሙቀቱ እየበረታ ሲሄድ ሸሕዲ ላይ ይደርሳል። ብዙ ሰው ገንዳ ውኃ ይላታል፤ ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት። ከእርሷ ወዲያ መተማ ዮሐንስ፣ ከመተማ ወዲያ ጠረፉ፣ ከጠረፉ ማዶ ገላባት ነው። ይህ ቆላ ከጥንት ጀምሮ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚገናኝበት አገር ነው። ከደጋ የወረደው አማራና ቅማንት፣ ቀድሞ የሰፈረው ጉሙዝ፣ ወደ መካ ሲጓዝ እዚሁ የቀረው የዳርፉርና የምዕራብ አፍሪካ ተክሩር፣ ግመሉን እየነዳ የሚመጣው የሱዳን ነጋዴ ሁሉም በአንድ ገበያ ይውሉ ነበር።

መተማን ታሪክ የሚያነሣት በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሞት ነው። ጦርነቱ፣ ንግዱና ድንበሩ ብዙ ተጽፎባቸዋል። በእነዚያ ሁሉ ዘመናት ግን በየጎጆው ውስጥ አንድ ትምህርት ያለ አስተማሪ ሲሰጥ ኖሯል፦ ወንድ ልጅ ምን ይሠራል? ሴት ልጅስ? ለዚህ ጥያቄ ቆላው አንድ መልስ ኖሮት አያውቅም። የአንዱ ቤት ልጅ እናቱ ማሳ ውስጥ ስትቆፍር እያየ ሲያድግ፣ የጎረቤቱ ልጅ ሴት እርሻ ላይ እጇን እንዳታነሣ ይሰማ ነበር። ሁለቱም የየቤታቸው ሥርዓት የዓለም ሁሉ ሥርዓት ይመስላቸው ነበር።

የደጋው ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ ሞፈርና ቀንበሩን ብቻ ይዞ አልወረደም። የልጅ አስተዳደጉም አብሮት ወርዷል። በብዙው የአማራ አገር ወንድ ልጅ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ልጅ ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ስም አወጣጡም ይለያያል፤ ወንዱ ጋሻው፣ ደመላሽ ወይም ማንያዘዋል ሲባል፣ ሴቷ ጥሩወርቅ ወይም እናትነሽ ትባላለች። ሕፃኑ ገና ቃል ሳይለይ ቤተሰቡ ከእርሱ ምን እንደሚጠብቅ ተናግሮ ጨርሷል።

ቀጥሎ ጨዋታው ይመጣል። ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ሴቷ ከጭቃ እንጀራ ትጋግራለች፤ ወንዱ ከዱላ በሬ ሠርቶ ያርሳል፣ ወይም እንግዳ ሆኖ ይመጣና ይስተናገዳል። የቡሄ ዕለት አባት ለወንድ ልጁ ጅራፍ ይገምድለታል፤ ሙልሙሉን የምትጋግረው እናት ናት፤ ሆያ ሆዬ እያለ በየደጁ የሚዞረው ወንዱ ነው። ከሦስት ሳምንት ጥቂት ቀን አለፍ ብሎ ዓመቱ ሲለወጥ ተራው የልጃገረዶች ይሆናል፤ አበባየሆሽ የእነርሱ ነው። የዓመቱ በዓላት ራሳቸው ማን የት እንደሚቆም ያሳያሉ።

ልጁ ከስድስትና ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ጨዋታው ወደ ሥራ ይዞራል። ወንዱ መጀመሪያ ጥጃ፣ ከዚያ ፍየል፣ ከዚያ ከብት ይጠብቃል፤ ጉልበቱ ሲጠነክር አባቱ ጉልማ ይሰጠዋል፤ የራሱን ሰብል ዘርቶ ያጭድበታል። ሴቷ ታናሽዋን ታዝላለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ኩበት ትለቅማለች፣ እናቷ ወፍጮ ላይ ስታጎነብስ አጠገቧ ሆና መጁን መያዝ ትለማመዳለች። እናቲቱ በአብዛኛው ቁጭ ብላ አታስተምርም። ልጅቷ እያየች ትሠራለች፤ ሲበላሽ ትገሠጻለች፣ ሲቃና ዝም ትባላለች። ወንዱ ጓዳ ገብቶ ሊያግዝ ቢሞክር «ሴታ ሴት» ይባላል፤ ሴቷ ዛፍ ላይ ብትወጣ «ወንዳ ወንድ» ትባላለች። ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት የሚለውን ተረት ሕፃኑ ከመስማቱ በፊት ኖሮታል።

የሕፃናት ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ዕድሜ ልብ ብለውታል። አሜሪካዊው ሎረንስ ኮልበርግ እ.ኤ.አ. በ1966 እንደጻፈው፣ ልጅ በሁለትና በሦስት ዓመቱ ወንድና ሴትን በስም ይለያል፤ ወንድነትና ሴትነት በልብስና በፀጉር እንደማይለወጥ በእርግጠኝነት የሚረዳው ግን ወደ ስድስትና ሰባት ዓመቱ ገደማ ነው። የደጋው ገበሬ ጽሑፉን ሳያነብ፣ ልጁ «እኔ ማነኝ» የሚለውን በሚቆርጥበት በዚያው ዕድሜ ጅራፉን ወይም እንስራውን ያስይዘው ነበር።

አሁን ከዚያው ቆላ ወደ ጉሙዝ ቤት እንሻገር። በመተማና በአጎራባቿ በቋራ የሚኖሩት ጉሙዞች የኖሩበት እርሻ በበሬ የሚታረስ አልነበረም። ጫካውን መንጥሮ፣ አቃጥሎ፣ በእጅ መቆፈሪያ ማሽላና ዳጉሳ የሚዘራበት እርሻ ነበር። በዚህ ሥራ ሴቷ ከወንዱ እኩል፣ ብዙ ጊዜም ይበልጥ ትቆፍራለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች። ዕቃ ስትሸከም እንደ ደጋዋ ሴት በጀርባዋ አታዝልም፤ በትከሻዋ ላይ ባደረገችው እንጨት ግራና ቀኝ ጭነቱን አመዛዝና ትሄዳለች። የጉሙዝ ሕፃን ልጅ እንግዲህ ሴት አታርስም የሚለውን ነገር ከየት ይሰማዋል? እናቱ ናት ማሳው ውስጥ ያለችው።

ይህ ማለት የጉሙዝ ሴት ጌታ ነበረች ማለት አይደለም። ለረጅም ዘመን ጋብቻቸው በእኅት ልውውጥ ላይ የቆመ ነበር፤ ሚስት የፈለገ ወንድ በምትኳ እኅቱን ወይም የዘመዱን ልጅ ይሰጣል። ስለዚህ የጉሙዝ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ሁለት ነገር ይማር ነበር፦ እኅቱ ብርቱ ሠራተኛ መሆኗን፣ ለእርሱም የሚስት ዋጋ መሆኗን። መቆፈሪያው ሴትን ከጓዳ አወጣት እንጂ ከሸክም አላወጣትም።

የማረሻና የመቆፈሪያ ልዩነት የዚህ ቆላ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ዴንማርካዊቷ የኢኮኖሚ ባለሙያ ኤስተር ቦዝሩፕ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ማረሻ ክንድ የሚጠይቅና ከሕፃን አጠገብ ሆኖ የማይሠራ በመሆኑ እርሻውን የወንድ አደረገው፤ በእጅ የሚቆፈርበት አገር ግን ሴቷ ማሳ ላይ ቀረች ብላለች። አልቤርቶ አሌሲና፣ ፓኦላ ጁሊያኖና ናታን ነን እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ሐሳብ በብዙ አገሮች መረጃ ፈትነው፣ ከማረሻ ሕዝቦች የተወለዱ ሰዎች ዛሬም ስለ ሴት ሥራ ያላቸው አመለካከት ጠበብ ያለ መሆኑን አግኝተዋል። በጥናታቸው ውስጥ ይበልጥ የሚገርመው የስደተኞቹ ጉዳይ ነው። ማረሻውን ዓይቶ የማያውቅ፣ አውሮፓና አሜሪካ የተወለደ ልጅ እንኳ የወላጆቹን አገር አመለካከት ይዞ ይገኛል። ዕቃው ሲቀር ሐሳቡ በቤት ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ጥንታዊ የማረሻ አገር ናት። በመተማና በቋራ ግን ሞፈሩና መቆፈሪያው ጎን ለጎን ኖረዋል፤ ይህ በዓለም ተራርቆ የሚጠና ልዩነት እዚህ ጎረቤታም ነበር።

ሦስተኛው የልጆች ትምህርት ቤት ገበያው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መተማ ከሐበሻ ወደ ሱዳን ከሚወጡት የንግድ በሮች ዋነኛው ነበረች። ቡናው፣ ሰሙ፣ በቅሎው በዚያ ያልፋል። ከተማዋን የሚያስተዳድሩት የተክሩር ሼኮች ለሐበሻውም ለሱዳኑም ወገን ይገብሩ ነበር። ተክሩሮቹ የሚያለሙት ጥጥ ወደ ደጋ ይወጣና በሴቶች እጅ ይገባል። እናት ጥጡን በመዳመጫ ፍሬውን አውጥታ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት ትፈትለዋለች፤ ሴት ልጇ በትንሽ እንዝርት አጠገቧ ትለማመዳለች። ድሩን ግን የሚሸምነው ወንድ ሸማኔ ነው። አንድ ጥጥ ግማሹ የሴት፣ ግማሹ የወንድ ሥራ ሆኖ ኩታ ይወጣዋል።

በዚያው ገበያ የሚሸጠው ጥጥና ቡና ብቻ አልነበረም። በ1854 ዓ.ም. መተማን ያየው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር፣ የባሪያ ነጋዴዎች በሰሌን ድንኳን ውስጥ ያስቀመጧቸውን ልጃገረዶች በመጽሐፉ መዝግቧል። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 17 ዓመት ነበር። አብራው የምትጓዘው ባልንጀራው ፍሎረንስ ራሷ በልጅነቷ ወላጆቿን ያጣች፣ በቱርክ ግዛት በቪዲን ከተማ ከባሪያ ገበያ እንደወጣች የሚነገርላት ሴት ነበረች። ስለ ወላጆች ትምህርት ሲወራ እነዚህ ልጆች ይዘነጋሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከእናቷ እቅፍ ተነጥቃ በካርቱም ወይም በጅዳ ቤት ስትገባ፣ ሴት መሆን ማለት ምን እንደሆነ የሚያስተምራት የገዛት ሰው ይሆናል።

ጦርነትም እንዲሁ አደረገ። በጥር 1880 ዓ.ም. በአቡ ዓንጃ የሚመሩት የሱዳን ደርቡሾች፣ የመህዲ ተከታዮች፣ ጎንደርን አቃጥለው ብዙ ሴቶችንና ሕፃናትን በዚሁ መንገድ ነዷቸው። በዓመቱ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆሰሉ፤ በማግስቱም አረፉ። ገበያው ተበተነ። በ1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል ድንበሩን ሲያሰምር መተማና ገላባት በሁለት መንግሥት ሥር ሆኑ።

ይህ ቆላ ደንቡን የሚያፈርሱ ሰዎችንም አብቅሏል። እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ናት። በ1720ዎቹ መጀመሪያ ባሏ አፄ በካፋ ሲሞት፣ ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበረና ዘውድ ጭና ለእርሱ እንደራሴ ሆነች። ለአሥርት ዓመታት በጎንደር ቤተ መንግሥት ሥልጣን በእጇ ነበር። ኢያሱ እንግዲህ እናቱ ችሎት ተቀምጣ ስትፈርድ እያየ ያደገ ንጉሥ ነው፤ ሴት ወደ ማጀት የሚለው ተረት በእርሱ ቤት አልሠራም። ሥርዓቱ ግን በዚያ አልተለወጠም። የምንትዋብ ሥልጣን የእናትነት ሥልጣን ተደርጎ ተቆጠረ፤ የገበሬው ሴት ልጅ እንደ ቀድሞው ወፍጮዋ ሥር ቀረች።

ሌላው የቋራ ልጅ ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ ነው። አባቱ ሲሞት እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ችግር ላይ ወድቃ ኮሶ ትሸጥ እንደነበር ይነገራል። ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» አሉት። በ1830ዎቹ መጨረሻ የጎንደሯ እቴጌ መነን የላከችው ደጃዝማች ወንድይራድ፣ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ወጣ። ካሣ ድል አደረገውና ኮሶ አስጠጣው። ታሪኩ የሚነገረው ስለ ጀግንነት ቢሆንም ሌላም ነገር ያሳያል። በዚያ ዘመን ልጅን መስደብ ሲፈለግ የሚነሣው የእናቱ ሥራ ነበር፤ ሴት ቤቷን በገበያ ማኖሯ ለልጇ ነውር ተደርጎ ይታይ ነበር።

ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በዚያው አገር የእናት ንግድ ብዙ ቤቶችን ያቆመው ነገር ሆነ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1983 የሸሪዓ ሕግ አውጥታ መጠጥ ስትከለክል የመተማ ጠላ፣ አረቄና ቢራ ቤቶች ከማዶ ደንበኛ አገኙ፤ አብዛኞቹን የሚያንቀሳቅሱት ሴቶች ነበሩ። ሌሎች ሴቶች ደግሞ ጠረፉን ተሻግረው በካርቱም ቤቶች ተቀጥረው ሠርተዋል። ልጆቻቸው አያት ዘንድ ሲያድጉ፣ ደብተርና ጫማ የሚመጣው እናት ከምትልከው ገንዘብ ነበር። ለእነዚህ ልጆች ቤት የሚያኖረው ሰው አባት ነው የሚለው ነገር በመጽሐፍ የሚያነቡት እንጂ የሚያዩት አልነበረም። ሐሜቱ ግን አብሮ መጣ፤ የመጠጥ ቤት ሴት ልጅ በትምህርት ቤት የምትሰማው ስድብ ከኮሶ ሻጩ ስድብ ብዙ አይርቅም።

የሰሊጡና የዕጣኑ ሥራም የራሱን ድልድል አበጀ። የሰሊጡን ማሳ ትራክተር ሲያርሰው የሞፈሩ ክንድ ጥቅም አጣ፤ ትራክተሩ ላይ የተቀመጠው ግን አሁንም ወንድ ነው። አረምና አጨዳው በየዓመቱ ከደጋ በሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ይሠራል፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ በየካምፑ ወጥ ይሠራሉ። የዕጣን ዛፉን መንጋፍ በሚባለው መላጫ እየላጡ ሙጫውን የሚያወጡት ወንዶች ሲሆኑ፣ መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው በመጠንና በቀለም የሚለዩት ሴቶች ናቸው። ዛፉ ጋ ክንድ፣ መጋዘኑ ጋ ትዕግሥት ያስፈልጋል ተብሎ ይታመናል፤ እናቱን ተከትሎ መጋዘን የዋለ ሕፃንም ይህንኑ ይማራል።

እዚህ ላይ አንድ የማይጣጣም ነገር አለ። ወንድ መጋገር አይችልም የሚለው የደጋ ሰው፣ ዘመቻ ሲወጣ ወይም ጭነት ሲነዳ የጋለ ድንጋይ በሊጥ ጠቅልሎ ብርኩታ ይጋግራል። የቆሎ ተማሪ የራሱን ምግብ ያበስላል። በዚሁ ቆላ ባለው፣ ሴት በማትገባበት በማኅበረ ሥላሴ ገዳም ውኃ የሚቀዳውም፣ የሚጋግረውም ወንድ መነኩሴ ነው። የሚያግደው እንግዲህ ችሎታ አይደለም፤ ቤት ነው። ሚስት፣ እናት ወይም እኅት ባለችበት ያንኑ ሥራ መሥራት ነው ነውር የሚሆነው። ልጅ ደግሞ የሚያየው ቤቱን እንጂ ገዳሙንና ዘመቻውን አይደለም።

ሕግስ ምን አለ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አደረገ፤ ባል አገልጋይ ሊያቆምላት ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ በግልጽ አዘዘ። የጋብቻ ዕድሜውንም ለወንድ 18፣ ለሴት 15 አደረገ። በአማራ አገር ብዙ ልጃገረድ ከዚያም በፊት ትዳር ይዛ፣ አንዳንዷም በሕፃንነቷ ታጭታ አማቷ ቤት ትገባ ነበር፤ ለእርሷ ሁለተኛዋ አስተማሪ አማቷ ናት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ ጾታ ሳይለይ መሬት ይሰጣል ቢልም፣ ባሏ የሞተባት ሴት ማረስ ነውር ስለሆነባት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጥ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ፣ በ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ወጥቶ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ ባልና ሚስትም በቤታቸው አስተዳደር እኩል ሆኑ።

ከእነዚህ ሁሉ ለሕፃን ዓይን የቀረበው ግን አንድ ደብተር ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል የተሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስት ስም በአንድነት የሚጻፍበት፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ የሚለጠፍበት ነው። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ከተጨናነቀው ደጋ ወደ መተማና ቋራ በተደረገው ሰፈራ ለአንድ አባወራ እስከ 2 ሄክታር መሬት ቃል ተገብቶ ነበር። የሰፋሪው ልጅ እናቱን ከአባቱ ጎን በመሬቱ ወረቀት ላይ ማየቱ አያቶቹ ያላዩት ነገር ነው።

የናፍጣ ወፍጮም ከአዋጅ ያላነሰ ሠራ። ወፍጮ ቤት በየቀበሌው ሲተከል ልጃገረዷ የድንጋዩን ወፍጮ ተገላገለችው፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ለመሄድ ጊዜ አገኘች። እህሉን ግን እስከ ወፍጮ ቤት የምትሸከመው እርሷ ሆነች፤ ማሽኑን የሚያስነሣው ወንድ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በአማራ ክልል ጭምር፣ 3,000 ገደማ ልጆችን እየተከታተለ ያጠናው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት፣ በገጠር ወንዱ ወደ ከብት ጥበቃና እርሻ፣ ሴቷ ወደ ቤት ሥራና ልጅ መያዝ የምትመደብ መሆኑን ደጋግሞ አሳይቷል። አያቶቹ የነበሩበት ድልድል በልጅ ልጆቹ ዘመን ቀለለ እንጂ አልጠፋም።

ሊለወጥ እንደሚችል የሚያሳይ ምስክር ከጎረቤት አገር አለ። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ባለሙያ ካሮል ኤምበር በኬንያ ኦዩጊስ አካባቢ የሉኦ ልጆችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተመች። በዚያም የቤት ሥራ የሴት ነው፤ ትልቅ ሴት ልጅ የሌላት እናት ግን ወንድ ልጇን ውኃ ታስቀዳዋለች፣ ሕፃን ታስይዘዋለች። እነዚህ ወንዶች፣ በተለይ ቤት ውስጥ የሚሠሩት፣ ከእኩዮቻቸው ይልቅ ጠበኝነታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ማንም ስለ እኩልነት አልሰበከላቸውም፤ እናት ሰው አጥታ ያዘዘችው ሥራ ነው ጠባያቸውን የለወጠው።

በሸሕዲና በመተማም ሴት ልጅ ያልወለዱ እናቶች አሉ፤ እኅታቸው ካርቱም ስትሄድ ቤቱ በእጃቸው የቀረ ወንዶች ልጆች አሉ። በዕድሜ የገፉት የጉሙዝ እናቶችም መቆፈሪያውንና የእኅት ልውውጡን ዘመን ያስታውሳሉ፤ የዕጣን ለቃሚዎቹና የመጠጥ ቤቶቹ ባለቤቶችም ልጆቻቸውን እንዴት እንዳሳደጉ ይነግራሉ። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎችና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጦርነቱን ታሪክ እንደሚመዘግቡት ይህንንም ሰዎቹ በሕይወት እያሉ ቢመዘግቡት ይገባል። አንባቢም ወላጅ ከሆነ ዛሬ ማታ ሕፃኑን ማን እንደሚያዝል፣ ሳህኑን ማን እንደሚያጥብ ሲያዝ፣ ወንዱንም ይጥራው።